ስለ ፈረስ ጉግስና ስለ ፍቅር መጽሐፍ የተደረገ ምልልስ

ጸሐፊት፦ የኔታ፣ ያዋስሁዎትን ልብ ወለድ ጨርሰውት እንደ ሆነ ፍርድዎን ይንገሩኝ። የደብረ ታቦርን የመርቆሬዎስ ጉግስ መሠረት አድርጌ ያለፈ ዘመን የፍቅር ታሪክ ለመጻፍ አስቤአለሁና፣ ብዕር ሳላነሣ የሚቃወመኝን ቃል ሁሉ ከርስዎ ብሰማው ይሻለኛል።

መምህር፦ ጨርሼዋለሁ፣ ልጄ። ማሪና ፊዮራቶ «የሲዬና ልጅ» ብላ በሰየመችው መጽሐፍ የምታወራው ነገር በ1723 እ.ኤ.አ. በኢጣልያ አገር በሲዬና ከተማ የሆነ ነው፤ ከጉጉት ሰፈር የተወለደች አንዲት የመኳንንት ልጅ ለንስር ሰፈር አለቃ ልጅ ትታጫለች፤ እጮኛዋ በታላቁ የፈረስ እሽቅድድም ላይ ወድቆ ሲሞት፣ አማቷ ሊሆን የነበረው ሰው ለሁለተኛው ልጁ ሊያጋባት ይቆርጣል፤ የእርሷ ልብ ግን የወደቀውን ለመርዳት ከፈረሱ ወርዶ ድሉን በተወው ባዕድ ፈረሰኛ ላይ ያርፋል። ያማረ ታሪክ ነው፤ እንቅልፍም ከልክሎኛል። ይሁን እንጂ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንድ ጥያቄ አልተወኝም፤ ፈረሱ በዚህ ታሪክ ውስጥ ምን ይሠራል? ፍቅሩን ለማሳመር የለበሰ ግላስ ከሆነ፣ ግላሱን ገፍፈሽ ሌላ ብታለብሺው፣ የጀልባ ውድድርም ሆነ የሰይፍ ግጥሚያ ብታደርጊው፣ ታሪኩ ያው ነው።

ጸሐፊት፦ እዚህ ላይ ለደራሲዪቱ ልሟገትላት። ፈረሱ ከወጣ ሲዬና ራሷ ትፈርሳለች። ያች ከተማ በ17 ሰፈሮች የተከፈለች ናት፤ ወሰናቸውንም በ1729 እ.ኤ.አ. ያጸናችው በመጽሐፉ ውስጥ የምናገኛት ገዥ ቪዮላንቴ ናት። እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ ቤተ ክርስቲያን፣ የራሱ ዓርማ፣ የራሱም ምንጭ አለው፤ በሰፈሩ የተወለደ ሕፃን ከቤተ ክርስቲያኑ ጥምቀት ሌላ በሰፈሩ ምንጭ ውኃ ይረጭና የሰፈሩ ልጅ ይባላል። እሽቅድድሙ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 25 እና ነሐሴ 10፣ ይደረጋል፤ ሁለተኛው ለእመቤታችን ፍልሰት ክብር ነውና እኛ በፍልሰታ ጾም ሱባዔ ላይ ሳለን እነርሱ አፈር በተደለደለበት አደባባያቸው ላይ ናቸው። ከ17ቱ 10 ብቻ ይወዳደራሉ፤ ፈረሱ በዕጣ ይደርሳቸዋል፤ ከውድድሩ በፊትም ወደ ሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ይባረካል። ፈረሰኛው ያለ ኮርቻ ተቀምጦ አደባባዩን ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ ነገሩ ሁሉ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ቢወስድ ነው። ፈረሰኛው ቢወድቅ እንኳ ፈረሱ ብቻውን ቀድሞ ከደረሰ ድሉ የሰፈሩ ነው። ሰው ወድቆ ፈረስ በሚያሸንፍበት ሕግ ሥር የምትኖር ሴት ለማን እንደምትዳር የሚወሰነው በዚያው ሕግ ነውና፣ ፈረሱ ጌጥ አይደለም፤ ፈራጅ ነው።

መምህር፦ ለእኔ ተሟገትሽልኝ እኮ። በሲዬና ፍቅሩ ከፈረሱ ጋር የተስማማው ሰፈር ከሰፈር የሚቀናናበት፣ የእመቤታችን ሥዕል ያለበት የሐር ሰንደቅ ለአንዱ ደርሶ ለዘጠኙ የሚቀርበት፣ ፈረሰኛው ከውጭ በገንዘብ የሚቀጠርበት፣ አንዱ ሰፈር የሌላውን ድል ለማስቀረት በስውር የሚዋዋልበት ሥርዐት ስለ ሆነ ነው፤ እንዲህ ያለው ሥርዐት እጮኞችን ለመለየትም ባላጋራዎችን ለማጋባትም የተመቸ ነው። የእኛ ግን ሌላ ነው። ጥር 25 ቀን የመርቆሬዎስ በዓል ሲከበር ከከተማውና ከዙሪያው ገጠር የሚመጣው ፈረሰኛ፣ ዳማውም ቦራውም ጉራቻውም በግላስና በመጣብር አጊጦ፣ ሁለት ወገን ሆኖ ሜዳው ላይ ይሰለፋል፤ አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው ሽምጥ እየጋለበ ያባርራል፤ አባራሪው ዘንጉን ይወረውራል፣ ተባራሪው ጋሻውን ወደ ጀርባው መልሶ ይመክታል፤ ከዚያም ተራው ይለወጥና አባራሪ የነበረው ተባራሪ ይሆናል። የሚመሰገነው ቀድሞ የደረሰ ሳይሆን የተወረወረበትን መክቶ በፈረሱ ላይ የጸና ነው። ሰንደቅ የለም፣ ቅጥር ፈረሰኛ የለም፣ የተሸጠ ድል የለም። የነርሱን ታሪክ ቅርጽ አምጥተሽ በእኛ ሜዳ ላይ ብትተክዪው አይበቅልልሽም።

ጸሐፊት፦ ቅርጹን አላመጣም። ርስዎ አሁን የተናገሩት ያ የተራ መለወጥ ነው ታሪኩን የሚሰጠኝ። ጉግስ የጦርነት ትምህርት ቤት ነበር፤ የየጁ መሳፍንት ከዚችው ከደብረ ታቦር ሆነው አገሩን የገዙት በፈረሰኛ ኃይል ነው፤ በሜዳው ዳር ቆማ እልል የምትል ሴትም ባሏ ዘንግ ሲመክት ስታይ ነገ ጦር ሲመክት የሚሆነውን አስቀድማ ታያለች። የሲዬና ሴት «ማን ያሸንፋል» ብላ ትጨነቃለች፤ የደብረ ታቦር ሴት ግን «ማን ይመለሳል» ብላ ነው የምትጨነቀው። ከሁለቱ ጥያቄዎች ለፍቅር ታሪክ የቀረበው የትኛው ነው?

መምህር፦ ሁለተኛው ነው፤ አልክድሽም። ግን በዓሉ የሰማዕት በዓል ነው። ቅዱስ መርቆሬዎስ በዳኬዎስ ዘመን ስለ ሃይማኖቱ አንገቱን የሰጠ ወታደር ነው፤ ካረፈ ከብዙ ዘመን በኋላም ቅዱስ ባስልዮስ በሥዕሉ ፊት በጸለየ ጊዜ፣ ከሥዕሉ ወጥቶ ከሓዲውን ንጉሥ ዑልያኖስን በጦር ወግቶ ተመለሰ፤ በሥዕሉም ላይ ያለው ጦር ደም ነክቶት ተገኘ ይላል። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ በጥቁር ፈረስ ላይ ተቀምጦ የምናየው ይህ ነው። ጥር 25 ወደዚያ ሜዳ የሚወጣው ሕዝብ ከዚህ ምሥጢር የተነሣ የወጣ ነውና፣ አንቺ መጥተሽ የዓይን ፍቅርና የከንፈር ወዳጅ ብታገቢበት በዓሉን ከባለቤቱ ትቀሚዋለሽ።

ጸሐፊት፦ የኔታ፣ ያ ሥዕል ራሱ ለእኔ ምስክሬ ነው። በግድግዳ ላይ ደርቆ የነበረ አምሳል ወደ ታሪክ ወርዶ፣ ንጉሥ ጥሎ፣ የጦሩን ጫፍ አድምቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። ልብ ወለድ ሊያደርግ የሚመኘው ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?

መምህር፦ ያ ተአምር ነው፤ ያንቺ ፈጠራ ነው። ተአምር ጸሎትን ተከትሎ ይመጣል እንጂ ደራሲ ሲያሻው አይመጣም። ሁለቱን አታመሳስዪ፤ በዚህ ነገር አልታገሥሽም።

ጸሐፊት፦ ይቅር ይበሉኝ፤ ያንን ትቼዋለሁ። እንግዲህ ያሰብሁትን ልንገርዎት። ጊዜው ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም. ያለው ነው። በመስከረም 1909 ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወርደው የምኒልክ ልጅ ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት ሲባሉ፣ ባለቤታቸው ራስ ጉግሣ ወሌ በአጠገባቸው እንዳይቀመጡ ተደረገ። ባል ከዙፋኑ አጠገብ ከተቀመጠ ሥልጣን ወደርሱ ይሳባል ተብሎ ተፈርቶ ነውና፣ ዘውዱ ለሚስት ሲደፋ ጋብቻው ፈረሰ። እርሳቸው ወደ ቤጌምድር መጥተው፣ ሌላው ጉግሣ፣ ጉግሣ መርሶ፣ ከመቶ ዓመት በፊት በቆረቆሯት በዚች ከተማ ተቀመጡ። በፈረስ ብዙ ቀን የሚያስኬድ መንገድ በሁለቱ መካከል ሆነ። ከዓሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ራስ ጉግሣ ጦራቸውን አስከትተው ተነሡ፤ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ሜዳ ከጦር ሚኒስትሩ ከራስ ሙሉጌታ ጦር ጋር ተዋግተው ሞቱ። ንግሥቲቱም መጋቢት 24 ቀን አዲስ አበባ ላይ ዐረፉ። በሁለት ቀን ልዩነት! ይህን ያህል የተሟላ የፍቅር ታሪክ ማንም የሲዬና ደራሲ ሊፈጥር አይችልም፤ ቢፈጥረውም አንባቢው «ይህስ በዛ» ብሎ አያምነውም ነበር።

መምህር፦ ነገሩ የሚያሳዝን መሆኑን ከአንቺ ቀድሜ አውቄዋለሁ፤ ለተማሪዎቼም ብዙ ጊዜ ነግሬአለሁ። ነገር ግን የፍቅር ታሪክ መሆኑን ማን ነገረሽ? ራስ ጉግሣ የተነሡት በፍቅር ነውን? እርሳቸው የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ ናቸው፤ የተማሩ፣ መጻሕፍት የሚወዱ፣ አሮጌው ሥርዐት እንዳይፈርስ የሚጨነቁ ሰው ነበሩ፤ የተነሡበት ምክንያት የሥልጣን፣ የወገንና የሥርዐት ጠብ ነው። ንግሥቲቱስ ቢሆኑ ጦሩን ልከው በይፋ የቆሙት ከመንግሥታቸው ጋር ነው። አንቺ ግን የሁለት ቀኑን ልዩነት ይዘሽ ጠቡን ሁሉ ናፍቆት ልታደርጊው ነው። ይህ ታሪክን ማቅለል ነው።

ጸሐፊት፦ ንግሥቲቱ የራስ ጉግሣን መርዶ ሰምተው ነው የሞቱት የሚል አለ፤ ሳይሰሙ ነው የሚልም አለ፤ ሕመማቸው ከዚያ በፊት የጸና ነበር። የታሪክ ጸሐፊው በዚህ ስፍራ ብዕሩን ያነሣል፤ ማንሣትም ይገባዋል። ልብ ወለድ ግን የሚጀምረው እርሱ ባቆመበት ስፍራ ነው፤ ሌላ መኖሪያ የለውም።

መምህር፦ ብዕሩን ያነሣው ዝምታውን አክብሮ ነው። ንግሥት ዘውዲቱ ጸሎትን ያበዙ፣ ልባቸውን ለሰው የማይገልጡ ሴት ነበሩ፤ ዓሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ካሉ ያ ዝምታ የራሳቸው ነው። አንቺ በምን ሥልጣን ነው መኝታ ቤታቸው ገብተሽ ያላሉትን የምታናግሪያቸው? የሞተ ሰው ምስክርነቱን ሊያርም አይችልም። በሕይወት ያለን ሰው ስም ብታነሺ ይከስስሽ ነበር፤ የሞተው ስለማይከስስሽ ብቻ ተፈቀደልሽ ማለት ነውን?

ጸሐፊት፦ ይህ ከባድ ነው፤ ወደርሱ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ግን ይህን ልበል፦ ፍቅርንና ታሪክን ማጋባት ከባዕድ የተዋስነው ነገር አይደለም። በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ የታተመው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ የዘጌው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ፣ ጦርነት አለበት፣ ምርኮ አለበት፣ የወንድ ልብስ ለብሳ የምትሄድ ሴት አለችበት፣ በእርሷም ፍቅር የሚሸነፍ ንጉሥ አለበት። ሥነ ጽሑፋችን ዓይኑን የገለጠው በዚሁ ነው።

መምህር፦ አፈወርቅ ግን ዘመኑን አልወሰነም፤ ንጉሡንም በታወቀ ስም አልጠራም። ስለዚህ ማንንም አልበደለም። ምሳሌሽ የሚያስተምርሽ እንዲያውም የእኔን ነው።

ጸሐፊት፦ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ»ን፣ አቤ ጉበኛም «አንድ ለናቱ»ን ሲጽፉስ? እነርሱ በስም ጠርተዋል።

መምህር፦ ጠርተዋል፤ የሆነውንም አይቻለሁ። እኔ ብዙ ዘመን ታሪክ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ስጠይቅ ተማሪው የሚመልስልኝ የደብተራ ዘነብን ዜና መዋዕል ሳይሆን የልብ ወለዱንና የቴአትሩን ቴዎድሮስ ነው። ደራሲው በቅን ልቡና የፈጠረው ቃል ከሃያ ዓመት በኋላ የንጉሡ ቃል ሆኖ ይጠቀሳል። ያማረ ፈጠራ ከደረቅ እውነት ይልቅ ዕድሜው ረጅም ነው፤ የምፈራውም መጽሐፍሽ መጥፎ እንዳይሆን አይደለም፤ ያማረ እንዳይሆን ነው።

ጸሐፊት፦ ያ ዜና መዋዕል የደረሰው ግን ስንት ሰው ዘንድ ነው? ተማሪዎችዎ ዐፄ ቴዎድሮስን በልብ ወለድ ባያነቧቸው ኖሮ ዘነብን ያነብቡ ነበርን?

መምህር፦ አያነብቡም ነበር። ስለዚህ ነው ደራሲ ከታሪክ ጸሐፊ ይልቅ ሊጠነቀቅ የሚገባው። ደግሞም ትዝታን ለመጠበቅ ልብ ወለድ ግዴታ አይደለም። ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ሲወጣ አይተሽ እንደ ሆነ፣ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ቆሞ በዓድዋ የወደቁትን፣ ሰዎቹን ብቻ ሳይሆን ፈረሶቹን ጭምር ያስባል። የፍቅር ታሪክ አላስፈለገውም፤ ማኅበርና መሐላ በቃው።

ጸሐፊት፦ በዚያ መታሰቢያ ውስጥ ሴቶቹ የት ናቸው? በአገራችን ታላቅ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለው በፈረሳቸው ስም ተፎክሮላቸዋል። ፈረሱ ስሙን ለጌታው ያወርሳል፤ ለሚስት ግን በተለምዶ የሚደርሳት ስም የለም። ጥር 25 ሜዳው ላይ የሚጠራው ሁሉ የወንድና የፈረስ ስም ነው። እኔ የፍቅር ታሪክን የምፈልገው ስለ ፍቅሩ ጣፋጭነት አይደለም፤ ሴቲቱ ወደ ታሪክ የምትገባበት ሌላ በር ስላላገኘሁላት ነው።

መምህር፦ በሩ መልካም ነው፤ ፍቅር የሚባለው ነገር ግን በዚያ ዘመን እንዴት ያለ ነበር? አንቺ የምታስቢው ፍቅር ሁለት ወጣቶች ተያይተው የሚመራረጡበት ነው። የቤጌምድር መኳንንት ልጅ ግን ለማን እንደምትዳር አባቷና የአባቷ ጠላት ነበሩ የሚወስኑት። ወይዘሮ ዘውዲቱ ራሳቸው ገና ሕፃን ሳሉ ለዐፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርኣያ ሥላሴ የተዳሩት ለሁለት መንግሥታት ዕርቅ ነው። በዚያ ዘመን ሰው ላይ የዛሬን ልብ ብትተክይበት፣ ልብሱ የጥንት ይሆንና ሰውየው የዛሬ ይሆናል።

ጸሐፊት፦ ወይዘሮ ተዋበችን ያስታውሱ። የየጁው የራስ ዓሊ ልጅ ናቸው። ገና ዐፄ ቴዎድሮስ ያልተባለውን ካሣን ለማሰር ነው የተሰጡት፤ የራስ ዓሊ እናት እቴጌ መነን የቋራውን ሽፍታ በጋብቻ ገመድ ሊይዙት አስበው ነው። ትእዛዝ ነበር፤ ፍቅር አልነበረበትም። በኋላ ግን ካሣ በአማቶቹ ላይ ሲነሣ ልጂቱ ገመድ መሆንን እምቢ አሉ። ባላቸው ተናቀ ብለው ክብሩን እንዲመልስ ያበረቱት እርሳቸው እንደ ነበሩ ይነገራል። በ1845 ዓ.ም. አባታቸው ራስ ዓሊ በአይሻል ድል ሆነው ያ የታወቀ ፈረሰኛ ሲበተን፣ እርሳቸው በባላቸው ወገን ነበሩ። በ1850 ዓ.ም. ሲሞቱም ዐፄ ቴዎድሮስ እንዴት እንዳለቀሱ የዘመኑ ሰው ሁሉ መስክሯል። እንግዲህ እኔ ፍቅር የምለው ይህን ነው፤ ሰው በታዘዘበት ስፍራ ገብቶ፣ በኋላ ግን ማንም ሳያዝዘው በራሱ ፈቃድ የመረጠውን። የምርጫ ሥራ የሌለበትን ፍቅር አልለውም። ይህ የዛሬ ልብ አይደለም፤ የዚያው ዘመን ልብ ነው።

መምህር፦ ደኅና መለስሽ። ይህን መልስ ከአንቺ በፊት አልሰማሁትም፤ ስለ ጋብቻው የተናገርሁትን እመልሳለሁ። አሁን ግን እስካሁን የተናገርሁትን ሁሉ የሚያህል አንድ ነገር ቀርቶኛል። ታሪክሽ ውስጥ ያሉት እነማን ናቸው? ንግሥት፣ ራስ፣ የራስ ልጅ። ፈረሱን ማን አበላው?

ጸሐፊት፦ አልገባኝም፣ የኔታ።

መምህር፦ የጉናን ተራራ እግር ታውቂዋለሽ። ብርዱ ጤፍ አያበቅልም፤ የሚያበቅለው ገብስ ነው። ያ ገብስ የገባሩ እንጀራ ነው፣ በሶው ነው፣ ጠላው ነው፤ የጌታው ፈረስ ራትም ያው ገብስ ነው። ለጦር የሚሆን ፈረስ በሣር ብቻ አይጠነክርም፤ እህል ይፈልጋል። አንድ ሺህ ፈረሰኛ አሰልፎ የሚያስጎበኝ ራስ ሲመጣ፣ ያን ያህል ፈረስ ከየጎተራው የሚበላውን አስቢ። ወታደር በገበሬ ቤት ይሠፍራል፤ ድርጎው ከዚያው ነው፤ ላልጫነ አህያው ይወሰዳል፣ ላላጨደ ሣሩ ይታጨዳል። የመሳፍንቱ ዘመን ለፈረሰኛው የፉከራ ዘመን ነበር፤ ለገባሩ ግን የረኃብ ዘመን ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስም በመጨረሻ ወደ መቅደላ ሲሄዱ ይችን ከተማ አቃጥለው ነው የሄዱት፤ አጠገባችን በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩትም፣ ያስጎተቱትም በዚሁ ሕዝብ ትከሻ ነው። የፍቅር መጽሐፍ ይህን ሁሉ የት ያስቀምጠዋል? ጠባዩ ማብረቅረቅ ነው፤ ዓይኑ ወደ ግላሱና ወደ ካባው ይሄዳል። የሲዬናዋ ደራሲ ስለ ፈረሱ ገብስ አንድ ገጽ አልጻፈችም፤ አንባቢዋም አልጠየቃትም። ያንቺ አንባቢ ግን የገብስ አምራቹ የልጅ ልጅ ነው፤ በአያቱ ጎተራ የተሠራውን ጌጥ መልሰሽ ለእርሱ ልትሸጪለት ነውን?

ጸሐፊት፦ ይህን መቃወም አልችልም። እውነት ነው። እንግዲያው ታሪኩን ከሌላ ሰው ልጀምረው። ራስ ጉግሣ በድርጎ መልክ ገብስ የሚያስመጡባት አንዲት የጉና ግርጌ ሴት ትኑር፤ ባሏ ወይም የምትወደው ሰው በእርሳቸው ጋጣ ፈረስ የሚጠብቅ ይሁን። ከአባቷ ጎተራ ተሰፍሮ የተወሰደው ገብስ እርሱ ለሚያሳድገው ፈረስ ይሰጣል፤ ስለዚህ በፈረሱ መወፈር እርሱ ሲመሰገን የእርሷ ቤት ይራባል። ጥር 25 ቀን ፈረሱ ሜዳው ላይ ሲወጣ ሕዝቡ ሁሉ ግላሱን ያያል፤ እርሷ ግን ገብሷን ታያለች። ርስዎ ስለ ሙታን የተናገሩትም በዚህ ይመለሳል፤ ንግሥት ዘውዲቱም ራስ ጉግሣም በመጽሐፌ ውስጥ ከሩቅ ያልፋሉ እንጂ አንድ ቃል አይናገሩም። ዝምታቸውን አከብራለሁ። ፈጠራዬን የምሰጠው ማንም ቃሏን ላልመዘገበላት ነው፤ እርሷን ማናገር ማንንም አይበድልም፤ ካላናገርኋት ደግሞ ለዘለዓለም አትናገርም።

መምህር፦ ለታወቁት ዝምታ፣ ላልታወቀችው ፈጠራ! ሚዛኑ ከጠበቅሁት ይሻላል። ግን አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ያልተመዘገበች ሴት ዝምታ ዝምታ አይደለምን? አንቺ የተማርሽ የከተማ ልጅ ነሽ፤ በእርሷ አፍ የምታስቀምጪው ቃል የእርሷ ሳይሆን ያንቺ ቁጣ ሊሆን ይችላል። የንግሥቲቱን ስትፈጥሪ ቢያንስ የሚያርምሽ ዜና መዋዕል አለ፤ የዚችን ግን ማን ያርምሻል?

ጸሐፊት፦ በጉና ዙሪያ ያሉ አሮጊቶች ያርሙኛል። የፈረስ ገብስ ስፍር እንዴት እንደ ነበር፣ ፈረስ ሲታመም ምን እንደሚደረግለት፣ ሲሞት ማን እንደሚያለቅስለት ከእናቶቻቸው የሰሙ አሁንም አሉ። እነርሱ «እንዲህ አይባልም» ካሉኝ እሠርዘዋለሁ።

መምህር፦ ከሰማሻቸው፣ ከመጽሐፍ ቤት ሰው የተሻለ ዳኛ መርጠሻል። እሺ፤ ፍጻሜውስ? በአንቺም ሜዳ የመንግሥት አውሮፕላን ከላይ ሆኖ መጀመሪያ ወረቀት፣ በኋላ ቦምብ ጣለ። በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ለጦርነት አውሮፕላን ሲመጣ ያ የመጀመሪያው ነው። የቤጌምድር ፈረሰኛ መቶ ዓመት ጉግስ ሲማር ዘንግ ከኋላ ሲመጣ መመከትን ነው የተማረው፤ ከላይ ለሚመጣ ነገር ጋሻውን እንዴት እንደሚይዝ ማንም አላስተማረውም። ፈረስ ጠባቂሽ እዚያ አለ?

ጸሐፊት፦ አለ። የጌታውን ትርፍ ፈረስ ስቦ ተከትሏል።

መምህር፦ እንግዲያ ልጠይቅሽ። ራስ ጉግሣም ሚስት ትተው በፈረስ ወደ አንቺም ሄዱ፤ ፈረስ ጠባቂውም ሚስት ትቶ ወደ አንቺም ሄደ። የንግሥቲቱን ታሪክ ጥለሽ የዚችን ያነሣሽው በምን ይለያል ብለሽ ነው?

ጸሐፊት፦ ራስ ጉግሣ እምቢ ለማለትም እሺ ለማለትም ይችሉ ነበር። ፈረስ ጠባቂው አይችልም፤ ጌታው ሲነሣ እርሱም ይነሣል።

መምህር፦ አየሽ፤ ራስሽ ባሠርሽው ገመድ ተያዝሽ። የምርጫ ሥራ የሌለበትን ፍቅር አልለውም ብለሽ ነበር። ሰውየው ካልመረጠ፣ እንደ ፈረሱ ተስቦ ከሄደ፣ መጽሐፍሽ የመከራ መጽሐፍ ነው እንጂ የፍቅር መጽሐፍ አይደለም። የመከራ መጽሐፍ ብትጽፊ አልቃወምሽም፤ ከልብ እባርክሻለሁ። በሽፋኑ ላይ ግን ፍቅር ብለሽ አትጻፊበት፤ አንባቢውን በፍቅር ስም ጠርተሽ ለቅሶ ቤት አታስገቢው።

ጸሐፊት፦ በእርሱ በኩል ምርጫ አልነበረም፤ እቀበላለሁ። በእርሷ በኩል ግን ነበረ። ከአንቺም ማን እንደ ሞተ ለገባር ሚስት መርዶ የሚያረዳ የለም፤ የራስ ጉግሣ መርዶ ነው አገር የሚያዳርሰው። በሚቀጥለው ጥር 25 ወደ ሜዳው ልትወጣም ላትወጣም ትችላለች፤ ሌላ ባል ልታገባም፣ አንድ ዓመት ወይም ዓሥር ዓመት ልትጠብቀውም ትችላለች፤ አባቷ ልዳርሽ ሲል እምቢ ልትልም ትችላለች። ማንም አያዝዛትም፤ ማንም አይከለክላትም፤ መጠበቋንም ማንም አያውቅላትም። ወይዘሮ ተዋበች የመረጡት አገር እያየላቸው ነው፤ ይች ግን ማንም ሳያያት ትመርጣለች። በሽፋኑ ላይ ፍቅር ብዬ የምጽፈው ስለዚህ ነው። ስንት ዓመት እንደ ጠበቀችው ግን ገና አልወሰንሁም፤ ርስዎ ቢሆኑ፣ የኔታ፣ ስንት ዓመት ያስጠብቋት ነበር?